ቫይረሱ ሴል ውስጥ ከገባ በስንት ሰዓቱ ነው ፕሮቲኑ የሚለካው? የጊዜ ሙከራ ከሰኞ እስከ ሰኞ

ጂን የተሸከመ ቫይረስ ለሴሎች ከሰጣችሁ በኋላ ውጤቱን መቼ ትለካላችሁ? በየላቦራቶሪው የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ በ48 ሰዓት። ቁጥሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ በፍጥነት ለሚከፋፈሉ ሴሎችና ለተለመዱት ቫይረሶች ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ሴሉን፣ ቫይረሱን ወይም ፕሮቲኑን ስትቀይሩ ግን ሰዓቱም አብሮ ይቀየራል። በ48 ሰዓት ምንም ስላልታየበት የተጣለ፣ ኤ ኤ ቪ በተባለው ጂን ተሸካሚ ቫይረስ የተሠራ ሙከራ በአምስተኛው ቀን ቢታይ ኖሮ ደህና ሊሆን ይችል ነበር። በ12 ሰዓት አረንጓዴ ብርሃን ታየ ተብሎ የተመዘገበ የሌንቲቫይረስ (የኤች አይ ቪ ወገን የሆነ ጂን ተሸካሚ) ውጤት ደግሞ ሴሉ ራሱ ያልሠራው፣ ከቫይረሱ ጋር ከውጭ የመጣ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሰዓቱን ከሌላ ሰው መዋስ አያዋጣም፤ አንድ ጊዜ በራሳችሁ ሴል መለካት ይሻላል። ሥራው አንድ ሳምንትና ሁለት ባለ 24 ጉድጓድ ፕሌት ይጠይቃል። እዚህ በምሳሌነት የያዝነው ኢ ጂ ኤፍ ፒ (በአጭሩ ጂ ኤፍ ፒ) የተባለውን አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን የተሸከመና ራሱን ማባዛት የማይችል ሌንቲቫይረስ፣ ሄክ 293ቲ በተባሉ የሰው ኩላሊት ሴሎች ላይ ነው። ሌሎቹ ቫይረሶች ምን እንደሚለዩ መጨረሻው አካባቢ እንመጣበታለን።

ሰዓቱን የሚወስነው ምንድን ነው

የመጀመሪያው የቫይረሱ መንገድ ነው። አዴኖቫይረስ ድርብ ዲ ኤን ኤ ይዞ ስለሚመጣ የሚቀይረው ነገር የለም። በአንድ ሰዓት ገደማ ከኒውክለሱ ደጃፍ ይደርሳል፣ በ6 እና በ8 ሰዓት መካከል ፕሮቲን ሊታይ ይችላል፣ ከፍተኛው መጠን ደግሞ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። ሌንቲቫይረስ ይዞ የሚመጣው አር ኤን ኤ ነው። እሱ መጀመሪያ ወደ ዲ ኤን ኤ መገልበጥ አለበት፤ ይህ በሚከፋፈሉ ሴሎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ይከናወናል። ከዚያ ኢንተግሬዝ የተባለው ኢንዛይም ዲ ኤን ኤውን ከክሮሞሶሙ ጋር ይሰፋዋል፤ ይህም እስከ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊዘልቅ ይችላል። ከአይጥ የተገኘው ጋማሬትሮቫይረስ ሌላ ችግር አለበት፦ ሴሉ ሲከፈል የኒውክለሱ ሽፋን እስኪፈርስ ይጠብቃል፤ የማይከፈል ሴል ላይ ብታስቀምጡት ሳምንት ቢቆይም ምንም አታዩም። ኤ ኤ ቪ የሚሸከመው ነጠላ ዲ ኤን ኤ ስለሆነ ሁለተኛው ክር እስኪሠራለት አይነበብም፤ ዋናው መጓተት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ፕሮቲኑ ተሠርቶ እስኪበራ ያለው ጊዜ ነው። ኢ ጂ ኤፍ ፒ በ37 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም፤ ዲ ኤስ ሬድ የተባለው ቀይ ፕሮቲን የመጀመሪያው ዓይነት ግን ከ10 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሁለት ጂኖችን በአረንጓዴና በዲ ኤስ ሬድ ቀለም እያወዳደራችሁ «ቀዩ ዘግይቶ ጀመረ» ብትሉ ያያችሁት የጂኑን መዘግየት ሳይሆን የቀለሙን ነው።

ሦስተኛውና በብዛት የሚረሳው ክምችቱ ነው። ፕሮቲን መሠራት በጀመረበት ቅጽበት ከፍተኛው ደረጃ ላይ አይደርስም። በአንድ በኩል ይሠራል፣ በሌላ በኩል ይፈርሳል፣ ሴሉ ሲከፈልም ለሁለት ይካፈላል። ሚዛኑ ላይ የሚደርስበትን ፍጥነት የሚወስነው የመሠራቱ ጉልበት አይደለም፤ የመጥፋቱ ፍጥነት ነው። ጠንካራ ፕሮሞተር (ጂኑ እንዲነበብ የሚያዘው የዲ ኤን ኤ ክፍል) ጣሪያውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ጣሪያው ላይ የምትደርሱበትን ሰዓት አያሳጥረውም።

ስሌቱ በእጅ የሚሠራ ነው። የኢ ጂ ኤፍ ፒ ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪፈርስ የሚወስደው ጊዜ፣ 26 ሰዓት ገደማ ነው። ሴሉ በየ20 ሰዓቱ ይከፈላል እንበል። 20ን በ26 አባዙና ለድምራቸው፣ ለ46፣ አካፍሉ፤ 11.3 ሰዓት ይመጣል። ይህ በሴሉ ውስጥ ያለው ትክክለኛ ግማሽ ዕድሜ ነው። በአንድ ግማሽ ዕድሜ 50 በመቶ፣ በሁለት 75፣ በሦስት 87.5፣ በአራት ወደ 94 በመቶ ይደረሳል። አራት ጊዜ 11.3 ወደ 45 ሰዓት ነው። መሠራት የጀመረው በ20ኛው ሰዓት አካባቢ ከሆነ ጣሪያው የሚመጣው በ65ኛው ሰዓት ገደማ ነው። ሌንቲቫይረስን በ72 ሰዓት መለካት የተለመደውም ለዚህ ነው፤ በ48 የምትለኩ ሰዎች ገና ዳገቱን እየወጣ ያለ ነገር ላይ ናችሁ።

ያንኑ ኢ ጂ ኤፍ ፒ በማይከፈል የነርቭ ሴል ውስጥ አስቡት። የሚያካፍለው ስለሌለ አራት ጊዜ 26፣ ማለትም 104 ሰዓት፣ መሠራት ከጀመረ በኋላ ብቻ ይፈልጋል። በተቃራኒው ቶሎ እንዲፈርስ ተደርጎ የተሠራው፣ ግማሽ ዕድሜው 2 ሰዓት የሆነው ዲ2 ኢ ጂ ኤፍ ፒ በ7 ሰዓት ሚዛኑን ይይዛል። ደመቅ ብሎ አይታይም፤ ነገር ግን ጂኑ መነበብ የጀመረበትን ጊዜ በትክክል የሚነግራችሁ እሱ ነው።

የሚያስፈልገው

መጠኑ የሚታወቅ ቫይረስ፦ ለምሳሌ በሚሊሊትር 10 ሚሊዮን ሴል ማስያዝ የሚችል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ በ50 ወይም በ100 ማይክሮሊትር ተከፋፍሎ የተቀመጠ ይሁን፤ ቀልጦ እንደገና የበረደ ቫይረስ ኃይሉ ይቀንሳል፣ በየጊዜው የሚቀንሰው መጠንም አንድ ዓይነት አይደለም። ዲ ኤም ኢ ኤም ሚዲያ (የሴሎቹ ምግብ) ከ10 በመቶ የጥጃ ሴረም ጋር፣ ፖሊብሪን (ቫይረሱ ሴሉ ላይ እንዲያርፍ የሚረዳ)፣ ፖሊላይሲን፣ ትሪፕሲን (ሴሉን ከፕሌቱ የሚያላቅቅ)፣ ፒ ቢ ኤስ (የማጠቢያ ጨዋማ ፈሳሽ)፣ 2 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ (ሴሉን ባለበት ሁኔታ የሚያቆም፤ «መጠገን» የምንለው ይህን ነው)፣ ከተጠገነ ሴል የማይለቅ የሞተ ሴል መለያ ቀለም፣ እና ፍሎው ሳይቶሜትር (የእያንዳንዱን ሴል ብርሃን የሚለካ ማሽን)።

ከዚህ በተጨማሪ ዚዶቩዲን ያስፈልጋል። አዎ፣ ያው የኤች አይ ቪ መድኃኒት። የምንጠቀምበት ሌንቲቫይረስ ከኤች አይ ቪ 1 የተሠራ ስለሆነ አር ኤን ኤውን ወደ ዲ ኤን ኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም ያው ነው፤ መድኃኒቱ ያግደዋል። ይህን መቆጣጠሪያ የማይጨምር የጊዜ ሙከራ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውጤቱ አይታመንም፤ ምክንያቱ ውጤቱን ስናነብ ይታያችኋል።

ሥራው በሁለተኛ ደረጃ የባዮሴፍቲ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በሴፍቲ ካቢኔት ስር ይሠራል። ቫይረስ የነካ ፈሳሽ ሁሉ በረኪና ውስጥ ይገባል። የቤት በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ስለሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ፈሳሽ ይበቃል፤ ለ30 ደቂቃ ይቆይ። ትናንት የተበረዘ በረኪና አትጠቀሙ፤ ሲቆይ ይደክማል።

ስለ ሰዓት አጻጻፍ

ተራ ነገር ይመስላል፤ ብዙ መዝገብ የሚበላሸው ግን በዚህ ነው። እኛ ጠዋት 2 ሰዓት የምንለውን ማሽኑ 08:00 ብሎ ያትማል። በአንድ ደብተር ላይ አንዱ በሀገር ቤት ሰዓት፣ ሌላው በማሽኑ ሰዓት ሲጽፍ ስድስት ሰዓት ይዛነፋል፤ ስድስት ሰዓት ደግሞ በዚህ ሙከራ አንድ ሙሉ የመለኪያ ነጥብ ነው። ቱቦና ፕሌት ላይ ቫይረሱ ከተጨመረ ያለፈውን ሰዓት ብቻ ጻፉ፦ 6፣ 12፣ 24። የቀኑ ሰዓት ደብተር ውስጥ ይቀመጥ።

መነሻውን ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ካደረጋችሁት ማንም ሌሊት መነሳት አይጠበቅበትም። 6ኛው ሰዓት ቀን 8 ሰዓት፣ 12ኛው ማታ 2 ሰዓት፣ 24ኛው ረቡዕ ጠዋት፣ 36ኛው ረቡዕ ማታ፣ 48ኛው ሐሙስ ጠዋት፣ 72ኛው ዓርብ ጠዋት፣ 96ኛው ቅዳሜ ጠዋት ላይ ይውላሉ።

ሰኞ ከሰዓት፦ መዝራት

ሄክ 293ቲ ፕሌቱን አጥብቆ አይዝም፤ በማጠብ ጊዜ እንደ አንሶላ ተገፍፎ ይነሳል። ስለዚህ ጉድጓዶቹን ቀድማችሁ በ200 ማይክሮሊትር 0.01 በመቶ ፖሊላይሲን ለአንድ ሰዓት ሸፍኑና በንጹህ ውሃ ሁለት ጊዜ እጠቡ።

ከ9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሴሎቹን በትሪፕሲን አንሱ፣ የሞተ ሴል በሚያቀልመው ትራይፓን ብሉ ቁጠሩ። በሕይወት ያለው ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ሙከራውን ለሚቀጥለው ሳምንት አስተላልፉ። በሚሊሊትር 70,000 ሴል እንዲሆን አድርጋችሁ 26 ሚሊሊትር አዘጋጁ፤ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ግማሽ ሚሊሊትር ስታደርጉ 35,000 ሴል ይደርሰዋል። ፕሌቱን ክብ አታዙሩት፤ ሴሎቹ መሃል ላይ ይከማቻሉ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፋ ገፋ አድርጉና ኢንኩቤተር ከመግባቱ በፊት ለ15 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ተዉት።

ክፍፍሉ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ የመለኪያ ሰዓት ስድስት ጉድጓድ ይሰበሰባል፦ ሦስት ቫይረስ ብቻ፣ ሁለት ቫይረስ ከዚዶቩዲን ጋር፣ አንድ ቫይረስ የሌለው። የ6፣ 12፣ 24 እና 36 ሰዓት ጉድጓዶች አንዱን ፕሌት ይሞላሉ፤ የ48፣ 72 እና 96ቱ በሁለተኛው ፕሌት ላይ 18 ይሆናሉ። የቀሩት ስድስት ሦስቱ ለቆጠራ፣ ሦስቱ ለመጠባበቂያ ናቸው። ቀዳሚዎቹንና ኋለኞቹን በተለያየ ፕሌት የምናደርገው የ96 ሰዓቱ ሴል ስድስት ጊዜ ከኢንኩቤተር እየወጣ እንዳይቀዘቅዝ ነው። መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ የኢንኩቤተሩን በር የምትከፍቱበትን ጊዜ መቀነስ ይበልጥ ይጠቅማችኋል፤ መብራት ከጠፋ የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ጻፉ፣ በውጤቱ ኩርባ ላይ ጎበጥ ያለ ነገር ስታዩ ምክንያቱን እዚያ ታገኙታላችሁ።

ማክሰኞ ጠዋት፦ ዜሮ ሰዓት

1 ሰዓት ላይ ሦስቱን የቆጠራ ጉድጓዶች አንስታችሁ ቁጠሩ። ወደ 50,000 ገደማ መሆን አለበት። ይህን ቁጥር በደንብ ያዙት፤ የቫይረሱ መጠን የሚሰላው ከዚህ እንጂ ትናንት ከዘራችሁት አይደለም። በዚሁ ሰዓት ለ14ቱ የዚዶቩዲን ጉድጓዶች መድኃኒቱን 10 ማይክሮሞላር እንዲሆን ጨምሩ።

የቫይረሱን መጠን ዝቅ አድርጉ። ለአንድ ሴል 0.3 ቫይረስ ስትሰጡ 26 በመቶ የሚሆኑት ሴሎች ይያዛሉ፤ ከተያዙት ውስጥ ከአንድ በላይ ቅጂ የሚያገኙት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ለአንድ ሴል አንድ ብትሰጡ 63 በመቶ፣ ሦስት ብትሰጡ 95 በመቶ ይያዛል። ከፍ ያለ መጠን ሁሉንም ነገር ቀድሞ የጀመረ ያስመስለዋል፤ አሥር ቅጂ ያለው ሴል የማሽኑን የማየት ወሰን አንድ ቅጂ ካለው ቀድሞ ያልፋልና።

ለአንድ ጉድጓድ የሚያስፈልገው 50,000 በ0.3፣ ማለትም 15,000 ነው። ቫይረስ የሚያገኙት 35 ጉድጓዶች ናቸው፤ ለ40 አዘጋጁ። 600,000 ማለት 60 ማይክሮሊትር ቫይረስ ነው። በረዶ ላይ ቀስ ብሎ ይቅለጥ፤ በሚሊሊትር 8 ማይክሮግራም ፖሊብሪን ካለበት 7.94 ሚሊሊትር ሚዲያ ጋር ቀላቅሉት። ከዚህ 3 ሚሊሊትር ለይታችሁ ዚዶቩዲን ጨምሩበት፤ ይህ ለ14ቱ ነው።

2 ሰዓት ሲሞላ አሮጌውን ሚዲያ መጥጣችሁ ለየጉድጓዱ 200 ማይክሮሊትር ስጡ። ቫይረስ የሌላቸው ጉድጓዶችም ፖሊብሪን ያለበት ሚዲያ ያገኛሉ። በየ20 ደቂቃው ፕሌቱን ቀስ ብላችሁ አዘንብሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ፈሳሹን ወደ በረኪናው፣ አንድ ጊዜ በሞቀ ሚዲያ ማጠብ፣ ከዚያ ግማሽ ሚሊሊትር አዲስ ሚዲያ። ዚዶቩዲን የነበረበት ጉድጓድ እንደገና ዚዶቩዲን ይሰጠዋል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይረሳል።

ለወትሮው ቫይረሱ ሌሊቱን ያድራል፤ እዚህ ግን ሁለት ሰዓት ብቻ ያልነው በምክንያት ነው። ሌንቲቫይረስ በ37 ዲግሪ ግማሽ ኃይሉን የሚያጣው በ10 ሰዓት ገደማ ነው። ለ16 ሰዓት ከተዋችሁት አንዱ ሴል በመጀመሪያው ሰዓት፣ ሌላው በአሥራ አምስተኛው ይያዛል። ያኔ «24 ሰዓት» የምትሉት ለአንዱ 23፣ ለሌላው 9 ሰዓት ይሆናል፤ ኩርባው ተንጋድዶ ይወጣል። ማሳጠሩ የሚያስከፍለው ነገር አለ፦ በሁለት ሰዓት የሚገባው የቫይረሱ ከፊል ስለሆነ ከ26 በመቶ በታች ታገኛላችሁ። ከዋናው ሙከራ በፊት በሦስት መጠን ሞክራችሁ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሰጣችሁን ምረጡ፣ ወይም ፕሌቱን አሽጋችሁ በ32 ዲግሪና በ800 ጂ (800 የስበት እጥፍ) ለአንድ ሰዓት በሴንትሪፉጅ አሽከርክሩት።

መሰብሰብ

ሚዲያውን መጥጡ፣ በፒ ቢ ኤስ አንድ ጊዜ እጠቡ፣ 100 ማይክሮሊትር ትሪፕሲን ለ3 ደቂቃ። ትሪፕሲኑ ሴሉን ከማንሳት ሌላ ከሽፋኑ ውጭ የተለጠፈውን ቫይረስም ይቀርፋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይህ ይጠቅማል። በ400 ማይክሮሊትር ቀዝቃዛ ሚዲያ አቁሙት፣ በ300 ጂ ለ5 ደቂቃ አሽከርክሩ፣ የሞተ ሴል መለያውን ቀለም ስጡ፣ ከዚያ በ2 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ጨለማ ውስጥ ለ15 ደቂቃ። ታጥቦ በፒ ቢ ኤስ፣ በ4 ዲግሪ፣ ከብርሃን ተሸፍኖ ይቀመጣል። በሜታኖል አትጠግኑ፤ የጂ ኤፍ ፒን ብርሃን ያጠፋዋል። ሁሉም ናሙና ተጠራቅሞ በአንድ ቀን፣ በአንድ የማሽን ቅንብር ይነበብ። የረቡዕን ብርሃን ከቅዳሜው ጋር የምታወዳድሩት እንዲህ ከሆነ ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ላይ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። 50,000 የነበረው ሴል በ48 ሰዓት ወደ 260,000 ይደርሳል፤ ጉድጓዱ ይሞላል። የተጨናነቀ ሴል ፕሮቲን መሥራቱን ይቀንሳል፣ ሚዲያው ቢጫ ይሆናል፣ የ72 እና የ96 ሰዓት ውጤታችሁም ያለምክንያት ወርዶ ይገኛል። ስለዚህ የቀሩትን 12 ጉድጓዶች በትሪፕሲን አንስታችሁ እንዳሉ ወደ ሁለት ባለ 6 ጉድጓድ ፕሌቶች አዛውሯቸው፤ የእነዚህ ስፋት አምስት እጥፍ ነው።

ቅዳሜ የ96 ሰዓቱን ስትሰበስቡ ከመጠገናችሁ በፊት አንድ አሥረኛውን ወደ አዲስ ፕሌት መልሱ። ይህ በሚቀጥለው ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ከተቻለም በ14ኛው ቀን ይነበባል።

ንባቡና ትርጉሙ

በ488 ናኖሜትር ሌዘር፣ በ530 አካባቢ ባለው ማጣሪያ፣ ከእያንዳንዱ ናሙና ቢያንስ 10,000 በሕይወት ያለ ነጠላ ሴል አንብቡ። የአረንጓዴውን መስመር የምታሰምሩት ቫይረስ ባላገኘው ሴል ላይ ነው፤ ከእነሱ ከ0.5 በመቶ በላይ መስመሩን ማለፍ የለበትም። የሞቱ ሴሎች በራሳቸው ስለሚያበሩ መጀመሪያ እነሱን አውጡ።

ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ በመቶ ስንቱ አረንጓዴ እንደሆነና የአረንጓዴዎቹ መካከለኛ ብርሃን። ሁለቱ የተለያየ ነገር ይናገራሉ። በመቶኛው ስንት ሴል ጂኑን እንዳገኘ ይናገራል፣ ቀድሞም ይቆማል። ብርሃኑ ክምችቱን ይከተላል፤ በመቶኛው ከቆመ በኋላም አንድ ቀን ያህል መውጣቱን ሊቀጥል ይችላል። በመቶኛው ብቻ የተዘገበበት ሙከራ «በ48 ሰዓት ተጠናቀቀ» ያሰኛል፤ ፕሮቲኑ ግን ገና ነው።

አሁን የቫይረሱንና የዚዶቩዲኑን መስመር አንድ ላይ ሳሉ። በ6 እና በ12 ሰዓት ሁለቱም ትንሽ አረንጓዴ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ እኩል ከሆኑ ሴሉ የሠራው ፕሮቲን የለም ማለት ነው። ቫይረሱን ያመረቱት ሴሎች ራሳቸው ጂ ኤፍ ፒ ይሠሩ ስለነበር ፕሮቲኑ በቫይረሱና በትናንሽ ከረጢቶች ውስጥ ተጭኖ ይመጣል፤ የማምረቻው ፕላዝሚድ (ቫይረሱን ለማምረት ለሴሎቹ የተሰጠው ክብ ዲ ኤን ኤ) ቅሪትም አብሮ ይገባል። ዚዶቩዲን ይህን አያግድም። ሁለቱ መስመሮች የሚለያዩበት ሰዓት እውነተኛው መነሻ ነው፤ በሄክ 293ቲ ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ውስጥ ይወድቃል። የዚዶቩዲኑ ጉድጓድ በ72 ሰዓትም እያበራ ከሆነ ብዙ ፕላዝሚድ አለ፤ ቫይረሱ ሲመረት ሴሎቹ በደንብ አልታጠቡም ወይም ቫይረሱ ዲ ኤን ኤ በሚያፈርሰው ኢንዛይም፣ በዲ ኤን ኤዝ፣ አልጸዳም።

የቫይረሱን መጠን እግረ መንገዳችሁን ማስላት ትችላላችሁ። በቫይረስ መስጫው ሰዓት የነበረውን የሴል ቁጥር በአረንጓዴው ድርሻ አባዙና በሰጣችሁት ቫይረስ ሚሊሊትር አካፍሉ። 100,000 ሴል፣ 12 በመቶ፣ 0.01 ሚሊሊትር ከሆነ 1.2 ሚሊዮን በሚሊሊትር ይመጣል። በ72 ሰዓት የቆጠራችሁትን የሴል ቁጥር ካስገባችሁ መጠኑ ከአሥር እጥፍ በላይ ያብጣል። ከ20 በመቶ በላይ አረንጓዴ ካለው ጉድጓድም አታስሉ፤ ሁለትና ሦስት ቅጂ ያለው ሴል አንድ ሆኖ ስለሚቆጠር መጠኑ ያንሳል።

በ7ኛው ቀን የሚታየው ከ72 ሰዓቱ ዝቅ ቢል አትደንግጡ። ክሮሞሶም ላይ ያልተሰፋ፣ ክብ ሆኖ የቀረ ዲ ኤን ኤ ለጊዜው ይነበባል፤ በ7 ቀን ውስጥ ሴሉ ከ8 ጊዜ በላይ ስለሚከፈል ከ300 እጥፍ በላይ ይቀጥናል። በሁለተኛው ሳምንት የቀረው በክሮሞሶሙ ላይ ያለው ነው። በአንድ ሴል ስንት ቅጂ እንደተሰፋ በኪው ፒ ሲ አር (የዲ ኤን ኤ ቅጂ መቁጠሪያ) የምትለኩም ከሆነ ያኔ ለኩ።

ኤም አር ኤን ኤ (ፕሮቲኑ የሚሠራበትን የጂኑን ግልባጭ) የምትለኩ ከሆነ

አንድ ወጥመድ አለ። የሌንቲቫይረሱ ጭነት ራሱ ጂናችሁን የያዘ አር ኤን ኤ ነው። በ2ኛው ሰዓት አር ኤን ኤ በሚለካው በአር ቲ ፒ ሲ አር ብትለኩ «ጂኑ በከፍተኛ ሁኔታ ይነበባል» የሚል ውጤት ይመጣል፤ የለካችሁት ግን የገባውን ቫይረስ ነው። ማምለጫው የዚዶቩዲኑን ጉድጓድ መቀነስ ነው። ፕሮሞተሩ ኢንትሮን (ከአር ኤን ኤው ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) ያለው ሙሉው ኢ ኤፍ 1 አልፋ ከሆነ ሌላ መንገድም አለ፦ ኢንትሮኑ ተቆርጦ የሚገናኝበትን ቦታ የሚሻገር ፕራይመር (ፒ ሲ አሩ የሚነሳበት አጭር ዲ ኤን ኤ) አሠሩ። የቫይረሱ አር ኤን ኤ በአብዛኛው ኢንትሮኑን እንደያዘ ስለሚታሸግ በዚህ ፕራይመር አይታይም፤ ሴሉ አዲስ የሠራው ግን ይታያል።

ሲበላሽ

በ96 ሰዓት ምንም አረንጓዴ ከሌለ መጀመሪያ ቫይረሱን ሳይሆን ሴሉን ጠርጥሩ። ያንኑ ቫይረስ ሄክ 293ቲ ላይ ስጡት፤ እዚያ ከሠራ ችግሩ በእናንተ ሴል ላይ ነው። ማክሮፋጅና ያልነቃ ቲ ሴል ውስጥ ሳም ኤች ዲ 1 የተባለው ፕሮቲን የዲ ኤን ኤ መሥሪያ ጥሬ ዕቃውን ስለሚያሟጥጥ ግልበጣው ይጓተታል። ቲ ሴልን በሲ ዲ 3 እና በሲ ዲ 28 ፀረ እንግዳ አካላት ቀድሞ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ማንቃት ሁኔታውን ይቀይረዋል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከሚወስድ ሰው በተወሰደ ሴል ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሴሉ ውስጥ የቀረው መድኃኒት የእናንተንም ቫይረስ ሊያግደው ይችላል፤ ዚዶቩዲኑን ሳታውቁ ሰጥታችሁታል ማለት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ብርሃኑ እየደበዘዘ ከሄደ፣ በመቶኛው ግን ብዙም ካልወረደ፣ ፕሮሞተሩን ተመልከቱ። ሲ ኤም ቪ የተባለው ፕሮሞተር ቶሎና በጉልበት ይነሳል፤ በግንድ ሴሎችና በአንዳንድ ሌሎች ሴሎች ውስጥ ግን ከጊዜ በኋላ ይዘጋል። ለረጅም ጊዜ ሥራ ኢ ኤፍ 1 አልፋ ወይም ፒ ጂ ኬ ይሻላል፤ በእኛ ግምት ለሦስት ቀን ሙከራ ብቻ ሲ ኤም ቪን መምረጥ ያዋጣል።

ፖሊብሪን የማይወዱ ሴሎች አሉ፤ ቫይረስ የሌለው ጉድጓድ ላይም ሴል ከሞተ መጠኑን በሚሊሊትር ወደ 4 ማይክሮግራም አውርዱ ወይም በፕሮታሚን ሰልፌት ተኩት።

ሌላ ቫይረስ ከሆነ

ለአዴኖቫይረስ ነጥቦቹን ወደ ፊት አምጡ፦ 4፣ 8፣ 12፣ 24፣ 48። ዋናው ማስጠንቀቂያ ሴሉ ላይ ነው። ኢ1 (ለመባዛት የሚያስፈልገው የጂን ክፍል) የተቆረጠበት አዴኖቫይረስ ሄክ 293 ውስጥ የጎደለውን ኢ1 ስለሚያገኝ ይባዛል፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ሴሎቹ እየከበቡና እየተነሱ ይሄዳሉ፣ ብርሃኑም ከመጠን በላይ ይሆናል። ሄላ ወይም ኤ 549 የተባሉትን ሴሎች ተጠቀሙ። ክሮሞሶም ላይ ስለማይሰፋ በሚከፈል ሴል ውስጥ በሳምንት ይሳሳል። በ2013 ዓ.ም. በሀገራችን መሰጠት የጀመረው የአስትራዜኔካ የኮቪድ ክትባት የተሠራው በዚሁ ቤተሰብ ቫይረስ ነው፤ ለክትባት ፕሮቲኑ ቶሎ መጥቶ ቶሎ መሄዱ ጉዳት የለውም።

ለኤ ኤ ቪ ወደ ኋላ ግፉ፦ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 7 ቀን። መጠኑ በጂኖም ቅጂ ይቆጠራል፤ ለአንድ ሴል ከ10,000 እስከ 100,000 ቅጂ የተለመደ ነው። በፕሌት ላይ ላለ ሄክ ወይም ሄላ ኤ ኤ ቪ 2 ይሻላል። ኤ ኤ ቪ 8 እና 9 በእንስሳ ውስጥ ጎበዝ ሆነው ፕሌት ላይ ደካማ ናቸው፤ ፕሌት ላይ አልሠሩም ብላችሁ አትጣሏቸው። በአይጥ አንጎል ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይጠበቃል፤ ፕሮቲኑ በነርቭ ጭራው ተጉዞ ሩቅ መድረስ ካለበት ከዚያም ይበልጣል። ጊዜ ከሌላችሁ ሁለቱን ክሮች አጣጥፎ የሚይዘው፣ ሁለተኛ ክር መጠበቅ የማያስፈልገው ዓይነት አለ፤ የሚሸከመው ግን ግማሹን ነው፣ ከ4,700 ፊደል ወደ 2,300 አካባቢ ይወርዳል። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው የሕፃናት የጡንቻ መሟሸሽ መድኃኒት ዞልጀንስማ የተሠራው በዚህ ዓይነቱ ነው።

ጂ ኤፍ ፒ ሳይሆን መድኃኒት ወይም ጂን ማጥፊያ ከሆነ

ቫይረሱን ያላገኙ ሴሎችን የሚገድለውን መድኃኒት፣ ፑሮማይሲንን፣ በ24 ሰዓት አትጀምሩ የሚል ሕግ የለም፤ ግን ኩርባችሁን ተመልከቱ። ቫይረሱ የሚሸከመው ጂን መድኃኒቱን የሚከላከለውን ፕሮቲን ሳይሠራ ከጀመራችሁ ቫይረሱን ያገኘውም ሴል ይሞታል። ለሄክ 293ቲ በ48 ሰዓት፣ በሚሊሊትር ከ1 እስከ 2 ማይክሮግራም ጥሩ መነሻ ነው። ቫይረስ ያላገኘው ሴል በሦስት ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልሞተ መጠኑ አንሷል።

ጂን የሚያዳክም አጭር አር ኤን ኤ የምትሰጡ ከሆነ ስሌቱ ይገለበጣል፤ የምትጠብቁት አዲሱ እስኪሠራ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የነበረው ፕሮቲን እስኪያልቅም ነው። ግማሽ ዕድሜው 48 ሰዓት የሆነ ፕሮቲን በማይከፈል ሴል ውስጥ፣ ኤም አር ኤን ኤው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ እንኳ፣ ከ8 ቀን በኋላ 6 በመቶው ይቀራል። በ72 ሰዓት ዌስተርን ብሎት (የፕሮቲን መጠን መለኪያ) ሠርታችሁ «አልወረደም» ከማለታችሁ በፊት የፕሮቲኑን ግማሽ ዕድሜ ፈልጉ። ጂኑን የሚቆርጠው ክሪስፐር ከሆነ ደግሞ መቁረጡ ራሱ ለቀናት ስለሚጠራቀም ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ለኩ፤ እስከዚያ ሴሎቹን በየሁለት ቀኑ እያካፈላችሁ ቆዩ።